ወደ ካባ የዞረው ግንብ

መዶሻዬን ለልጄ ባል ሰጠሁት። ወድጄ አይደለም። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረና ድንጋዩን ስመታ ጣቴን እያገኘሁት ተቸገርኩ። ልጁ መዶሻውን ተቀብሎ ገለባበጠና «አባባ፣ ዛሬ እኮ ቤት የሚሠራው በብሎኬት ነው፤ ይሄንን ምን አደርገዋለሁ?» አለኝ። «ሚስማር ምታበት» አልኩት ተናድጄ። እሱም የምሬን መስሎት ሚስማር ፍለጋ ሄደ።

እኔ ፊደል ቆጥሬ እስከ ዳዊት ደጃፍ ደርሻለሁ፤ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንሻፈፍ አትዘኑብኝ። ግንቤ ግን ቀጥ ያለ ነው። ያልሁትን ቱንቢ አውርዶ ማየት ይቻላል። አንዱ ብቻ ጠሞብኝ ነበር፤ የምጽፈውም ስለሱ ነው።

ዛሬ ናዝሬት የምትሏት ከተማ ያን ጊዜ አዳማ ነበረች። ነገሩ ከጣልያን በፊት ነው። ባቡሩ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ በጣቢያው ዙሪያ ያልሰፈረ የሰው ዘር አልነበረም። ከሸዋ ደጋ የወረድን እኛ አለን። አገሩ የራሱ የሆነ ኦሮሞ አለ። ሱቅ የከፈተ ዓረብ፣ ከሐረር የመጣ ነጋዴ፣ ዳቦ የሚጋግር ግሪክ፣ የባቡሩን ብረት የሚጠግን ፈረንጅ፣ ሁሉም በአንድ ጉድጓድ ውኃ ይቀዳል። ሁሉም ደግሞ የሚጸልይበት ቤት ይፈልጋል። ለግንበኛ ከዚህ የተሻለ አገር የለም።

ሥራ የጀመርኩት ሞጆ ላይ ነው፤ ለአንድ አርመን የእህል መጋዘን ድንጋይ በመሸከም። ሰውየው ሲቆጣ በአራት ቋንቋ ነበር የሚቆጣው፤ ከአራቱ የገባኝ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ይበቃ ነበር። ከዚያ አዳሚ ቱሉ ወርጄ የአንድ ሹም ግቢ አጠርኩ። ደመወዝ ሲኖር ብር፣ ሳይኖር ማሽላ ይሰጡናል። ሹሙ ግንቡ ሲያልቅ መጥተው በከዘራ እየወጉት ዞሩና «አይወድቅም?» አሉኝ። «አይወድቅም ጌታዬ።» «ቢወድቅ አንተን እዚያ እተክልሃለሁ» አሉ። እስከ ዛሬ አልወደቀም።

ሙያ የተማርኩት ግን ከዚያ በኋላ፣ ቡልቡላ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ካገኘኋቸው ከጋሼ ደስታ ነው። ቡልጌ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ነገራቸውም አጭር ነው። ድንጋይ ሲያነሱ መጀመሪያ በመዶሻው ጫፍ ኳ ያደርጉትና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ደህናው ድንጋይ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀው ደግሞ እንደ ነቃ እንስራ ድምፁ ይታፈናል። ያን ጊዜ «ይሄኛው ሳል አለበት» ይሉና ለግንቡ ሆድ ዕቃ መሙያ ወደሚሆነው ክምር ይወረውሩታል። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ግን ሳሉን መስማት ጀመርኩ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ባለቤቱ ሳይገባበት፣ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ይተኛሉ። ጣራውንና ግንቡን ከታች ወደ ላይ ያያሉ። «የቆመ ሰው የሚያየው ፊቱ ያለውን ነው» ይላሉ። ስንት ቄሶች ደንግጠው አይተዋቸዋል።

የቤተ ክርስቲያኑ አሠራር እንዲህ ነው። መሐል ላይ ችካል ይተከላል፤ ገመድ ይታሰርበታል። አንድ ሰው ገመዱን ወጥሮ በተረከዙ መሬቱን እየጫረ ይዞራል። ገመዱ ጣት ታህል ከላላ ክቡ እንቁላል ሆነ ማለት ነው። ውጭኛው ዙር መዘምራኑ የሚቆሙበት ነው፤ ሁለተኛው የሚቆርቡት የሚገቡበት። መሐሉ ላይ ሲደረስ ግን ክቡ ይቀርና አራት ማእዘን መቅደስ ይመጣል። ይሄ ነገር በጣም ከነከነኝ።

«ጋሼ፣ ቤቱ ክብ ሆኖ መሐሉ ለምን አራት ማእዘን ሆነ?»

«ለምን አይሆንም?»

«እንጃ።»

«በል ካላወቅህ ተሸከም።»

እሳቸው አይመልሱልኝም እንጂ እኔ መጠየቅ አልተውኩም። ያ ቤተ ክርስቲያን ሲያልቅ ተከትያቸው አዳማ ገባሁ። እሑድ እሑድ ሥራ የለም፤ ከቅዳሴ በኋላ ከተማውን እዞር ነበር። ፈረንጆቹ በጣቢያው በኩል ጠበብ ያለች ጸሎት ቤት ነበረቻቸው። ገባሁና ቆምኩ። መስኮቷ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስተዋት ሰክተዋል። ፀሐዩ ሲያልፍበት ቀዩ ብርሃን እጀ ጠባቤ ላይ አረፈ። ልጠርገው ሞከርኩ፤ እውነቴን ነው። የዚያች ቤት በር ላይ ደግሞ ቅስት ነበር፣ ያለ እንጨት ጉበን በድንጋይ ብቻ የቆመ። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው አንዱ አንዱን እንዳይወድቅ ከለከለው። አንድ ቀን ይሄንን በእጄ ካልሠራሁ አልሞትም ብዬ ወጣሁ።

እስላሞቹ ግን ቤት አልነበራቸውም። በአንድ ዓረብ ሱቅ ጓሮ ሰሌን አንጥፈው ይሰግዳሉ። ክረምት ሲሆን ጭቃው ግንባራቸው ላይ ይቀራል። ሽማግሌያቸው ሼህ አደም ይባሉ ነበር። የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲናገሩ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከዓረብኛው ጋር አብረው የሚፈትሉ ሰው። ከእለታት አንድ ቀን መስጊድ ሊያሠሩ ወስነው ወደ እኛ መጡ። ጋሼ ደስታ ወባ ይዟቸው ሦስት ጋቢ ተደርቦላቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። «አንተ ሂድና ተቀበል» አሉኝ። እንግዲህ የወጠንኩትን ሁሉ ያጨማለቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሼህ አደም ቦታውን በእግራቸው እየለኩ አሳዩኝ። ርዝመቱ ይሄን ያህል፣ ጎኑ ይሄን ያህል። በአንዱ ግንብ ላይ ሚህራብ እንደሚወጣ ነገሩኝ፤ ይኸውም የሚያሰግደው ሰው ፊት ለፊቱ የሚቆምበት፣ ግንቡ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ቅስት ነው። ቅስት ሲሉኝ ልቤ ዘለለ።

«ውስጡስ? ሥዕል፣ መጋረጃ፣ ምን ይገባል?» አልኳቸው።

«ምንም።»

«ባዶ?»

«ባዶ። ሥዕል ካለ ዓይን ይሄዳል። ዓይን ከሄደ ልብ ይከተላል። ልብን ከሄደበት መመለስ፣ ያ ረቢ፣ በሬን ከባቄላ ማሳ እንደ ማውጣት ነው።»

ይሄ መልስ ደስ አለኝ። ቢያንስ መልስ ነው፤ «ተሸከም» አይደለም። ከዚያ ሊሄዱ ሲሉ «ፊቱን ወደ ካባ አድርገው። ሌላውን አንተ ታውቃለህ፤ ነጋቲ!» ብለው በኦሮምኛ ተሰናበቱኝና ለጣራው እንጨት መዋጮ ሊሰበስቡ በባቡር ወደ ሐረር በኩል ሄዱ። ጋሼ ደስታም ወባው ሲብስባቸው እህታቸው ቤት ሞጆ ተወሰዱ።

አሁን ልብ በሉ። ለግንበኛ ካባ ማለት ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ ነው። መኳንንቱ የሚደርቡትን ካልቆጠርን ሌላ ካባ አላውቅም። የእኛ ካባ በወለንጪቲ መንገድ በኩል ነበር፣ ፀሐይ በሚወጣበት። ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ እንግዲህ የእነሱም እንደዚያው ከሆነ ምን ይገርማል? አልጠራጠርኩም። እንዲያውም ነገሩን አሳመርኩት። ግንባቸው ወደ ካባው የሚዞረው ድንጋዩ የመጣበትን ተራራ ለማመስገን ነው ብዬ በልቤ ተረጎምኩ። ጠጅ ቤት ገብቼ «እነዚህ ሰዎች ውለታ አዋቂ ናቸው፤ ድንጋዩ ወደ ተገኘበት ነው የሚሰግዱት» ብዬ አስተማርኩ። ጠጪው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንድም ሰው ተሳስተሃል አላለኝም፤ የሚያውቀው ሰው ጠጅ ቤት አይገባማ!

መሠረቱን ወደ ምሥራቅ አስረዝሜ ጣልኩ። በምሥራቁ በኩል ያለውን አጭሩን ግንብ ለሚህራቡ አዘጋጀሁ። ያንን ቅስት እንዴት እንደሠራሁት ብነግራችሁ ምሽት ይሆናል። ከሥር የእንጨት ድጋፍ ጎብጦ ይቆማል፤ ድንጋዮቹ አንድ ባንድ ወደ ታች ጠበብ ተደርገው ይጠረባሉ፤ ከሁለት ወገን እየወጡ መሐል ላይ ይገናኛሉ። የመጨረሻዋን የመሐሏን ድንጋይ ሰባት ጊዜ ጠርቤ ሰባት ጊዜ አወጣኋት። በስምንተኛው ገብታ ቁጭ አለች። ድጋፉን ሳነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ቆሟል። አጠገቤ ሰው አልነበረም እንጂ ቢኖር፣ ያ የሞጆው ቁጡ አርመን እንኳ ቢሆን፣ በሳምኩት ነበር።

ግንቡ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ሼህ አደም ተመለሱ። ሰባት ስምንት ሰው ተከትሏቸዋል። ጫማቸውን አውልቀው በበሩ ገቡ፤ ጣራ ገና ባይኖርም። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሚህራቡን አዩ፤ ፀሐዩን አዩ፤ እንደገና ሚህራቡን አዩ።

«ልጄ ተሰማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሚህራቡ ነዋ! እዩት ቅስቱን!»

«ወዴት ነው የዞረው?»

«ወደ ካባ ነዋ።»

ከኋላቸው የቆመ አንድ ጎልማሳ ቀደማቸው። «ይቀልድብናል! ወደ ምሥራቅ አዙሮ ካዕባ ይለናል! ሆን ብሎ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ወገን ሊያሰግደን ነው!»

«ማነው የሚቀልደው?» አልኩ። «ወደ ካባ አድርገው አላሉኝም ሼህ?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያስ ካባ ነው!»

«ወላሂ፣ ይሄ ካባ አይደለም» አሉ ሼህ አደም ቀስ ብለው።

«ነው እንጂ! ሁለት ዓመት ድንጋይ የተሸከምኩበትን እኔ አላውቀውም?»

ይሄንን ስል ሰዎቹ ምን እንዳሉኝ አልጽፈውም። ሼህ አደም ገላግለው አወጧቸው። እኔም መዶሻዬን ጥዬ ሄድኩ። ተሳሳትህ ሲሉኝ ማመን ድሮም አይሆንልኝም። ቤቴ ተቀምጬ ሦስት ቀን አልወጣሁም። ያዘዙኝን ሠራሁ፣ ሰደቡኝ፣ ከዚህ በኋላ ለምነው ይምጡ እያልኩ።

በአራተኛው ቀን ጠማኝና ጠጅ ቤት ሄድኩ። ስገባ የተቀመጠው ሁሉ ተነሣልኝ። ለእኔ! አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ጎበዝ! ደግ ሥራ ሠራህ! ሳያውቁት ወደ እኛ አዞርካቸው!» አለ። ሌላው ብርሌ ገዛልኝ። ብርሌውን አየሁት፤ አልጠጣሁትም። ሰዎቹ የሰደቡኝ ስድብ ሦስት ቀን አላስተኛኝም ነበር፤ የእነዚህ ምስጋና ግን ስድቡን አስመኘኝ። እኔ ግንብ አጥምሜ ሰው የማታልል ግንበኛ ነኝ? ይሄ ወሬ ከዚያች ከተማ ካልጠፋ ከእንግዲህ የትኛው ቤት፣ የክርስቲያንም ይሁን የእስላም፣ መሠረቱን ለእኔ ያምናል? ጋሼ ደስታስ ሲሰሙ?

ወጥቼ በቀጥታ ወደ ካባው ሄድኩ። ገመዳ የሚባል ኦሮሞ ድንጋይ ፈላጭ ነበረን፤ ጅማታም፣ ቀልደኛ ሰው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ገመዳ፣ ካባ ወዴት ነው?»

አየኝ። «ጠጥተሃል?»

«አልጠጣሁም። ካባ ወዴት ነው?»

በእጁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራሮቹ አሳየኝ። «ያ ነዋ።»

«እዚያም ድንጋይ ይፈለጣል እንዴ?»

«የምን ድንጋይ? ካባ እኮ በእኛ ቋንቋ ያ ወገን ነው። ሰሜኑ ካባ፣ ደቡቡ ኪባ፣ ፀሐይ መውጫው ባሃ። አንተ ስንት ዓመት አዳማ ተቀምጠህ?»

«እስላሞቹስ ካባ ሲሉ?»

«እነሱ የሚሉት መካ ያለውን ቤታቸውን ነው። እሱም ለእኛ በዚያው በካባ ወገን ነው።» ከዚያ ፊቴን አየና ቆሎው ከእጁ ወደቀ። «ተሰማ! መስጊዱን ወደዚህ ነው እንዴ ያዞርከው? ወደ እኔ?» ድንጋዩ ላይ ተንከባለለ። «ሐጂ ገመዳ በሉኛ!»

እሱ ይስቃል፣ እኔ የወደቀውን ቆሎ አንድ ባንድ እለቅማለሁ። ለሼህ አደም በኦሮምኛም በዓረብኛም ነገሩ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ሊስቱት አይችሉም፤ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ ድንጋይ ስለሆነ ልስተው አልቻልኩም።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። የዓረቡ ሱቅ ጓሮ ስግደቱ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ፊታቸው ሁሉ ወደ ተራሮቹ ነበር። ስንት ጊዜ በዚያ በር አልፌ ሰዎቹን አይቻለሁ፤ ወዴት እንደሚያዩ ግን አንድ ቀን አላየሁም። ሲጨርሱ ኮፍያዬን አውልቄ ገባሁ። ያ ጎልማሳ ብድግ አለ። ሼህ አደም «ተቀመጥ፤ ይናገር» አሉት።

ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም። እንዲህ አልኩ፦ «ካባ የምትሉትን አላውቅም ነበር። እኛ ግንበኞች ካባ የምንለው ድንጋይ የሚፈለጥበትን ነው። ሼህ ወደ ካባ አድርገው ሲሉኝ፣ ገመዳ ወዳለበት አዞርኩት።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው ያለው በኦሮምኛ አስረዳቸው። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጓሮው በሙሉ ሳቀ፤ ያ የሰደበኝም ጎልማሳ ዞር ብሎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሼህ አደም ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ «ጥፋቱ የእኔም ነው። ለሦስት ቋንቋ አንድ ቃል አወጣሁ» አሉ።

የሳቀ ሰው አመነኝ ማለት ነው። ግንቡ ግን አልሳቀም፤ እንደ ጠመመ ቆሟል።

ጋሼ ደስታ ከሞጆ ሲመለሱ አጥንታቸው ብቻ ነው የመጣው። ነገርኳቸው። ገብተው ጣራ በሌለው ቤት መሐል፣ መሬቱ ላይ በጀርባቸው ተኙ። ብዙ ቆዩ። እኔና ሼህ አደም እንደ ጥፋተኛ ተማሪ በር ላይ ቆመናል።

ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉ። «ሙሉውን ማፍረስ አያስፈልግም። ሚህራቡን ወደ ሰሜኑ፣ ወደ ረዥሙ ግንብ ውሰደው።»

«ቤቱ እኮ በጎኑ ይሆናል!» አልኩ። «ከፊት ወደ ኋላ ያጥራል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይረዝማል። ያስጠላል።»

«ለማን?» አሉኝ።

ሼህ አደም በዚህ መሐል በእግራቸው መለካት ጀምረው ነበር፤ በረዥሙ ግንብ ሥር ከጥግ እስከ ጥግ። ሲጨርሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «በመጀመሪያው ሰልፍ የቆመ ምንዳው ይበልጣል ተብሎ እኛ ዘንድ ይነገራል። በፊተኛው አሠራር ስንት ሰው ይቆም ነበር? አሥራ ምናምን። አሁን እጥፍ ነው። አይጠላም፤ ወላሂ አይጠላም!»

እነሱ ተስማሙ፤ መከራው የእኔ ሆነ። የመጀመሪያውን ቅስት በገዛ እጄ ፈታሁት። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም። መስኮት ሆኖ ይቅር ብዬ ሼህ አደምን ለምኜ ነበር፤ «እንግዳ ሰው መጥቶ ወደዚያ ቢሰግድስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ድንጋዮቹን ቁጥር ቁጥር ጽፌባቸው ወደ ሰሜኑ ግንብ አዛወርኳቸው። ግን ድንጋይ አንዴ ከተላቀቀ እንደ መጀመሪያው አይገጥምም። ሁለተኛው ቅስት በቀኙ በኩል ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ። ላፈርሰው መዶሻ ሳነሣ ሼህ አደም ክንዴን ያዙ።

«ተወው።»

«ጠሟል እኮ!»

«የእኛ ዓይን አይሄድበትም። የአንተ ከሄደ የአንተ ጉዳይ ነው።»

እስከ ዛሬ ይሄድበታል። ከሠራኋቸው ቅስቶች ሁሉ ያማረው ማንም ያልሰገደበት ነው። ይሄ ነገር ይቆጨኛል፤ አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው።

ጣራው ተመትቶ የመጀመሪያው ዓርብ ሲደርስ እኔና ጋሼ ደስታ በር ላይ ቆመን አየን። ሰዎቹ ሲገቡ እኔ የፈራሁት መጋፋት ነበር። መጋፋት የለም። ሱቅ ያለው ዓረብ፣ ከጣቢያው ሻንጣ የሚያወርደው ተሸካሚ፣ ያ የሰደበኝ ጎልማሳ፣ ሁሉም በረዥሙ ግንብ ሥር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ፤ እንደ ተጠረበ ድንጋይ፣ መሐላቸው ቢላዋ አይገባም። ሲያጎነብሱ ባንድ ላይ አጎነበሱ። ያ ባዶ ያልሁት ቤት ሞልቶ ሳየው፣ ሥዕል የት ሊሰቀል ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ጋሼ ደስታ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። ጣቢያው ጋ ስንደርስ ዛሬ ዓለም ጤና የሚባለውን ቦታ (ያን ጊዜ የሚጠራበትን ስም ረስቼዋለሁ) ጠሩና «እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ ነው። ሂድና መሠረቱን ጣል።»

«ከእርስዎ ጋር?»

«ብቻህን።»

«ብቻዬን? እንዲህ ካደረግሁ በኋላ?»

«ያን ጊዜ ብቻህን የተወህ ወባ ነው። አሁን የምልክህ እኔ ነኝ።»

በሳምንቱ በበቅሎ ሄድኩ። የደብሩ ቄስ ሜዳው መሐል ጥላ ዘርግተው ጠበቁኝ። እጅ ነሣሁ፤ መስቀል ተሳለምኩ። ገመዴን ፈታሁ፤ ችካሌን ያዝኩ።

«አባቴ፣ መቅደሱ ወዴት ይሁን?»

ቄሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ምን ዓይነት ግንበኛ ነው የላኩብን? ይሄ ይጠየቃል? ወደ ምሥራቅ ነዋ!»

«እሺ» አልኳቸው። «በእጅዎ ያሳዩኝ።»